«ሜይ አይ ጎ አውት?» — የ7ኛና የ8ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ምን ያስተምራል?



የወላጅና መምህር ኅብረቱ ለዛሬ ቅዳሜ ከሰዓት ሲጋብዘኝ በደብዳቤው ላይ የሰፈረው ርዕስ «በመካከለኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ ትምህርት አሰጣጥ ላይ የሚደረግ ገለጻ» ይል ነበር። እንዲህ ያለ ርዕስ፣ ያውም ከምሳ በኋላ፣ ያስተኛል። ስለዚህ ደብዳቤውን ያመጡልኝን እናት «ቆይ እስቲ፣ እርስዎ ራስዎ ማወቅ የሚፈልጉት ምንድን ነው?» አልኳቸው። አላመነቱም። «መምህር፣ ልጄ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ይማራል። ዘንድሮ ስምንተኛ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ተምሮ ምነው አፉን አልፈታ አለ?» አሉኝ።

የዛሬው ርዕሴ የእሳቸው ጥያቄ ነው። እሳቸውም እዚሁ ተቀምጠዋል፤ እንዳልሸሽ ይጠብቁኛል።

መልሴን ከመጨረሻው ልጀምር። ልጅዎ አፉን ፈትቷል። ጥርት አድርጎ የሚናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ከመጨረሻው ረድፍ የሚቀመጠው፣ ከ20 አራት የሚያገኘው ልጅ እንኳ አይስተውም፦ «ቲቸር፣ ሜይ አይ ጎ አውት?» ረዳት ግሱ ከፊት ነው፣ ባለቤቱ ይከተለዋል፣ ዋናው ግስ ምንም ሳይጨመርበት ይመጣል፣ ድምፁም ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ከፍ ይላል። ይህንኑ ሕግ ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ አስምሬበት፣ ምሳሌ ሰጥቼ ሳስተምር ግማሹ ክፍል ይሳሳታል። «ሜይ አይ ጎ አውት» ላይ ግን የሚሳሳት የለም። ለምን? ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሽንቱ መጥቶበት ነው።

ከዛሬው ንግግሬ ሌላውን ሁሉ ብትረሱት ይህችን ያዙልኝ፦ ቋንቋ ጉዳይ ይፈልጋል። ጉዳይ ያለው ቃል ይያዛል፤ ጉዳይ የሌለው ቃል ደብተር ላይ ይቀራል።

መጀመሪያ፣ ልጆቻችሁ ክፍል ውስጥ በትክክል ምን እንደሚማሩ ልንገራችሁ። አጭር ነው። የ7ኛም የ8ኛም መጽሐፍ በምዕራፍ የተከፈለ ነው። በየምዕራፉ አንድ የሚነበብ ጽሑፍ አለ፤ እኛ «ፓሴጅ» የምንለው። ከሱ ሥር የመረዳት ጥያቄዎች፣ ከዚያ አዳዲስ ቃላት፣ ከዚያ ግራመር፣ ከዚያ ማዳመጥና መናገር፣ በመጨረሻ መጻፍ ይመጣሉ። ግራመሩ የጊዜ አገላለጽ ነው፣ ማወዳደሪያ ነው፣ «ቢሆን ኖሮ» ነው፣ ሰው የተናገረውን መልሶ መናገር ነው። ጽሑፉ ከዓረፍተ ነገር ተነሥቶ ወደ አንቀጽ ያድጋል፤ ልጁ አንድ ዋና ሐሳብ ይዞ በአምስት ስድስት ዓረፍተ ነገር እንዲያብራራው ይጠየቃል። ደብዳቤ ይጽፋል፣ ታሪክ ያሳጥራል፣ የማያውቀውን ቃል ከዙሪያው ባሉት ቃላት ለመገመት ይለማመዳል። በወረቀት ላይ ሲታይ የሚነቀፍ ትምህርት አይደለም። እኔ ራሴ ስማረው ከነበረው በብዙ ይሻላል።

እነዚህ ሁለት ዓመታት ለምን እንደሚያስጨንቁኝም ልንገራችሁ። አሁን ባለው 6-2-4 አደረጃጀት 7ኛና 8ኛ ክፍል ለብቻቸው እንደ ድልድይ ቆመዋል። ከ9ኛ ጀምሮ ባዮሎጂውም፣ ጂኦግራፊውም፣ ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲገባ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ወዲያ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ። አፈጻጸሙ ከክልል ክልል ተለያየ። አንዱ ጋ ከ5ኛ፣ ሌላው ጋ ከ7ኛ፣ ሌላው ጋ ከ9ኛ ወደ እንግሊዝኛ ተሻገሩ። የትም ይሁን የት፣ ልጁ የሆነ ቀን ጠዋት ክፍል ሲገባ ትናንት በቋንቋው ያውቀው የነበረውን ነገር በባዕድ ቋንቋ ያገኘዋል። ያን ጠዋት የሚያዘጋጀው የ7ኛና የ8ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነው።

እዚህ ላይ በዕድሜ የገፉ አባቶች ፈገግ ሲሉ አያለሁ። «በእኛ ጊዜ ስድስተኛ የጨረሰ እንግሊዝኛውን ያንበለብለው ነበር» የምትሉትን ቡና ቤት ውስጥም ለቅሶ ቤት ውስጥም ሰምቼዋለሁ። እውነት አለው። ከ1933 በፊት የተማረ ሰው ቋንቋ በአብዛኛው ፈረንሳይኛ ነበር፤ ከነፃነት በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን ያዘ። በ1955 መግቢያ ደግሞ ወደ 300 የሚጠጉ የሰላም ጓድ መምህራን መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ፤ የህንድ መምህራንም ነበሩ። የዚያን ዘመን ተማሪ ከመምህሩ ጋር የሚግባባበት ሌላ ቋንቋ ብዙ ጊዜ አልነበረውም። ቤት ኪራይ ስንት እንደሆነ፣ ዶሮ የት እንደሚሸጥ የሚጠይቀው ፈረንጁ ነው፤ የሚመልስለት ልጁ ነው። ጉዳይ ነበራቸው! ከዚያም በላይ፣ ትምህርት ቤት የገባው ከስንት አንዱ እንደነበር አትርሱ። እናንተ የምታስታውሱት የተረፉትን ነው፤ እኔ የማስተምረው የመጣውን ሁሉ ነው። እኔ የዛሬውን እመርጣለሁ።

ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ልለፍ። ብዙ ጊዜ የምወስደው እዚህ ላይ ነው፤ ታገሡኝ።

ልጁ ወደ እንግሊዝኛ ክፍል ባዶ እጁን አይገባም። አማርኛውን ይዞ ይገባል። አብዛኛው «ስህተት» የምንለው ነገር ስንፍና አይደለም፤ አማርኛው በእንግሊዝኛ ልብስ ነው። ይህን ሳላውቅ ብዙ ዓመት ቀይ እስክሪብቶ ጨርሻለሁ።

ከድምፅ እንጀምር። እንግሊዞች ምላሳቸውን በጥርሳቸው መካከል አድርገው የሚያወጡት ድምፅ አለ፤ እኛ የለንም። ስለዚህ «ይህ» ለማለት «ዚስ» እንላለን፣ ሦስትን «ትሪ» እንላለን። ዛፍም «ትሪ» ነው። ታዲያ ልጁ ሦስት ዛፎች አየሁ ሲል «ትሪ ትሪስ» ይላል። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ ሻይ ይዞ ይምጣ ወይ?» ያለ ልጅ አልጠፋም። ትሪ አማርኛም ነዋ!

ፊደሉም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። «ሀ» ትልቅና ትንሽ የላትም፤ የእነሱ 26 ፊደላት ግን ትልቅም ትንሽም አላቸው፣ የሰው ስም ሲጀመር ትልቅ፣ መሀል ላይ ትንሽ። የእኛ ፊደል እንደተጻፈ ይነበባል፤ የእነሱ ሲጻፍ ሌላ ሲነበብ ሌላ። ረቡዕ በእንግሊዝኛ ስንት ተማሪ እንዳስለቀሰች እኔ ነኝ የማውቀው። ልጆቹ «ዌድ-ኔስ-ደይ» እያሉ እየሸመደዱ ነው የሚጽፏት። አንድ ጊዜ ቢላዋ የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ ስጽፍ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ፊቷ ያለችው ኬ ካልተነበበች ለምን ትጻፋለች?» በወጣትነቴ ቢሆን «እንዲሁ ነው፣ ያዢው» ብዬ አልፍ ነበር። ያን ቀን ግን «አንቺ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ለምን ትጽፊያለሽ? ሰ እና ሠስ?» አልኳት። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጥንት የተለያየ ድምፅ ነበራቸው፤ ድምፁ አንድ ሲሆን ፊደሉ ቀረ። የእንግሊዟም ኬ ጥንት ትነበብ ነበር፤ ምላስ ሲተዋት ብዕር አልተዋትም። ያች ልጅ ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ቃል ስትሳሳት አላየኋትም።

አሁን ደግሞ ወደ ዓረፍተ ነገሩ። አማርኛ ግሱን እስከ መጨረሻው ይደብቃል። «ልጁ ትናንት ከገበያ የገዛውን ዳቦ ለእህቱ...» ስላችሁ ሰጣት ይሁን ሸጠላት፣ ደበቀላት ይሁን ላከላት ገና አታውቁም። እንግሊዝኛ ግሱን ቶሎ ያወጣል። ልጁ ይህንን ሲማር የቃላት ቦታ ብቻ አይደለም የሚለውጠው፤ ወሬ የሚጀምርበትን መንገድ ነው የሚለውጠው።

ደግሞ «ራበኝ» የሚለውን ተመልከቱ። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ አመመኝ፣ ናፈቀኝ። በአማርኛ አድራጊው ረሃቡ ነው፤ እኔ ላይ መጥቶ የሚያርፍብኝ እሱ ነው። በእንግሊዝኛ «አይ አም ሀንግሪ» ነው፤ ባለቤቱ እኔ ነኝ። ልጁ «ሀንግሪ ሚ» ብሎ ቢጽፍ አልገረምም። «ዘነበ» ስንል ደግሞ ማን እንደዘነበ የሚጠይቀን የለም። እንግሊዝኛ ግን ባለቤት ካልተሰጠው አይንቀሳቀስም፤ «ኢት» የምትባል ትንሽ ቃል ፊት ለፊት ይተክላል። «ቲቸር፣ ኢት ማን ነው? እግዜር ነው?» ተብያለሁ። እስካሁን የተሻለ መልስ አላገኘሁም። «ኢት ማንም አይደለም፤ ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን የተቀመጠ ነው» እላለሁ።

ሰዓቱንስ? እኛ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ስንል እነሱ ስምንት ይላሉ። ልጁ «ሁለት ሰዓት ትምህርት ቤት እገባለሁ» የሚለውን ቃል በቃል ካዞረው የውጭ ሰው ከምሳ በኋላ የሚገባ ይመስለዋል። ስድስት መደመር ወይም መቀነስ አለበት። የልደት ቀኑን ከተጠየቀ ደግሞ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 መሆኑን፣ በየአራት ዓመቱ ወደ 12 እንደሚንሸራተት፣ ዓመተ ምሕረቱ ላይ ሰባት ወይም ስምንት እንደሚጨመር ማወቅ አለበት። ይህ እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሂሳብ ነው። በብዙ ሌሎች አገሮች ያለ የ13 ዓመት ልጅ «ስንት ሰዓት ነው?» ለማለት ይህን ሁሉ አያሰላም።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ስለ ቤተሰባችሁ አንቀጽ ጻፉ ብዬ አንዲት ልጅ ስለ አያቷ ጻፈች። አያቷን በጠራች ቁጥር «ሺ» ማለት ሲገባት «ዘይ» ትላለች። «ማይ ግራንድማዘር፣ ዘይ አር ሲክ።» አንድ ጊዜ አይደለም፤ አምስት ጊዜ። አምስቱንም በቀይ አሰመርኩባቸው፤ ሥሩ ላይም «የነጠላና የብዙ ልዩነት አታውቂም» ብዬ ጻፍኩ። ደብተሯን ስትቀበል ጠጋ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቲቸር፣ አያቴን እንዴት አንቺ እላቸዋለሁ?» አለችኝ። ነጠላና ብዙ አልጠፋትም። «አመማት» ማለት ነው ያቃታት። በአማርኛ «አመማቸው» ነው የምትለው፤ እንግሊዝኛው ውስጥ የአክብሮት ቃል ስትፈልግ ያገኘችው «ዘይ»ን ነው። ብልህ ናት። እኔ ነኝ ያላወቅኩት። እንግሊዝኛ «እሷ»ንም «እሳቸው»ንም በ«ሺ»፣ «አንተ»ንም «አንቺ»ንም «እርስዎ»ንም በአንዲት «ዩ» እንደሚጠራ፣ አክብሮቱን በሌላ መንገድ፣ በ«ፕሊዝ»ና በ«ኩድ ዩ» እንደሚያመጣ ያን ቀን ነበር ማስተማር የነበረብኝ። ያስተማርኩት ግን ከሳምንት በኋላ ነው።

ሦስተኛው ነጥቤ አጭር ሂሳብ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው እንበል። «ጉድ ሞርኒንግ ስቱደንትስ»፣ «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር»፣ «ሃው አር ዩ»፣ «ዊ አር ፋይን ቴንኪው ቲቸር»፣ «ሲት ዳውን» — በአንድ ትንፋሽ፣ በኅብረት። ከዚያ ስም መጥራት፣ ሰሌዳ ማጥፋት፣ የቤት ሥራ ማየት። አሥር ደቂቃ ሄደ። 30 ደቂቃ ቀረ። ክፍሉ ውስጥ 60 ልጅ አለ። እኔ አፌን ዘግቼ ብቀመጥና ሁሉም ተራ በተራ ቢናገሩ ለእያንዳንዱ ግማሽ ደቂቃ ይደርሰዋል። በሳምንት አምስት ቀን ቢሆን ሁለት ደቂቃ ተኩል። እኔ ደግሞ አፌን አልዘጋም፤ መምህር ነኝ። እንግዲህ የልጅዎ አፍ ስምንት ዓመት አልሠራም፤ ስምንት ዓመት ሰምቷል።

በዚህ ላይ ፈተናው አለ። ስምንተኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ሚኒስትሪ ይመጣል። ሚኒስትሪ ምርጫ ነው፤ አራት መልስ ተደርድሮ አንዱን ማጥቆር። ተማሪው እንዲናገር አይጠየቅም፣ አንቀጽ እንዲጽፍ አይጠየቅም፣ እንዲያዳምጥ አይጠየቅም። ታዲያ የካቲት ካለፈ በኋላ ማን ስለ መናገር ያወራል? ወርክሺት እናባዛለን። እናንተም ትጠይቁናላችሁ፤ «ሺት አልሰጣችሁም ወይ?» ትላላችሁ። «ልጄ ዛሬ ስንት ዓረፍተ ነገር ተናገረ?» ብሎ የጠየቀኝ ወላጅ አላጋጠመኝም። ወቀሳ አይደለም። እኔም የራሴ ልጅ ሚኒስትሪ ስትፈተን ሺት ነው የጠየቅኩት።

ታዲያ በ40 ደቂቃ፣ በ60 ልጅ ምን ይደረጋል? አራተኛው ነጥቤ ይህ ነው። ንድፈ ሐሳብ አላወራችሁም፤ አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ።

ሰባተኛ ክፍል ነው። የመጽሐፉን ፓሴጅ ወደ ጎን አድርጌ «ነገ ከቤታችሁ አንድ ተረት ይዛችሁ ኑ። በአማርኛ ጠይቁ፤ እዚህ በእንግሊዝኛ ትነግሩናላችሁ» አልኩ። በማግሥቱ ብዙው አልያዘም። አንድ ዝምተኛ ልጅ ግን የጅቡንና የአህያዋን አመጣ። ታውቁታላችሁ፤ ጅቡ ከላይ በኩል፣ አህያዋ ከታች በኩል ውሃ ይጠጣሉ። «ውሃዬን አደፈረስሽብኝ» ይላታል።

ልጁ ተነሥቶ «ተረት ተረት» ለማለት ፈልጎ ቆመ። የላም በረቱን በእንግሊዝኛ ምን ያድርገው? «ዋንስ አፖን ኤ ታይም» እንደሚባል ነገርኩት። በጣም አልወደደውም፤ መልሱን የሚመልስለት የለማ። ቀጠለ። «ሀይና ኢዝ አፕ። ዶንኪ ኢዝ ዳውን።» አንድ ልጅ ከፊት «ዳውን ከሆነችማ ወድቃለች» አለ። ሰሌዳው ላይ ወንዝ ሣልን፤ ቀስት አደረግን፤ ውሃው ወዴት እንደሚወርድ ተከራከርን። «አደፈረሰ» የሚለውን ማንም አያውቅም። መዝገበ ቃላት ልሰጣቸው ስል አንዷ «ዩ ሜክ ማይ ዋተር ደርቲ» አለች። ይበቃል። ያለውን ቃል ይዞ ያልነበረውን ቃል መሙላት — እኔ ቋንቋ መቻል የምለው ይህንን ነው። አህያዋ «ውሃው ከአንተ ወደ እኔ ነው የሚመጣው» ማለት ነበረባት፤ «ፍሮም»ና «ቱ» የሚባሉ ሁለት ቃላት፣ ለሳምንታት ባዶ ቦታ ሙሉ ሲባሉ የነበሩት፣ በአንድ ጊዜ ቦታቸውን አገኙ።

ከዚያ መጨረሻው መጣ። «አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ።» «አያ»ን ምን እንበለው? «ሚስተር» ያለ ነበር። «ሚስተር ለማያውቁት ሰው ነው፤ አህያዋ ታውቀዋለች» ተባለ። «ብራዘር» አለ ሌላው። «የሚበላትን?» ብለው ሳቁበት። «አንክል» ተባለ። «ሰር» ተባለ። ከመስኮቱ ጋ የተቀመጠው ተንኮለኛ «ቲቸር ሀይና ይባል» አለ። ክፍሉ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ግን ትንሽ አሰብኩበት።

በ«ሰር» ተስማሙ። ዝምተኛው ልጅ ቆሞ፣ እጁን እንደ አህያ ጆሮ አድርጎ፣ «ሰር ሀይና፣ ዶንት ጊቭ ሚ ሪዝንስ። ጀስት ኢት ሚ!» አለ። ስልሳ ልጅ በአንድ ድምፅ ደገመው። ማንም ድገሙ አላላቸውም።

ያን ቀን ስንት ነገር ተማሩ? አልቆጠርኩም። ከሁለት ወር በኋላ ፈተና ላይ ከ«ዶንት» ቀጥሎ የሚመጣውን ግስ ምረጡ የሚል ጥያቄ ነበር። እየዞርኩ ስቆጣጠር አንዱ ለጓደኛው «የአህያዋ እኮ ነው» ሲለው ሰማሁ። ልቀጣው ይገባ ነበር። ያልሰማሁ መስዬ አለፍኩ።

ጉዳይ ነበራቸው። አህያዋን ማናገር ነበረባቸው። ቋንቋ ጉዳይ ይፈልጋል ያልኳችሁ ይህንን ነው።

ይህ በተረት ብቻ የሚሆን አይደለም። ግራመር ላይ ዜሮ የሚያገኝ ልጅ ሰኞ ጠዋት የአርሰናልን ጨዋታ ሲተርክ ስሙት። «ኦፍሳይድ»፣ «ኢንጁሪ ታይም»፣ «ሰብስቲቲውት»፣ ያውም ከነተንታኙ አነጋገር። ቤት ውስጥ ዲሽ የለውም፤ ሰፈር ውስጥ ከፍሎ ነው የሚያየው። ሌላዋ ደግሞ ክረምት ላይ የአጎቷ ልጅ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው ሲባል፣ አማርኛ ስለማይችል ምን እንደምትጠይቀው በወረቀት ጽፋ አምጥታ እንዳርምላት ለመነችኝ። 11 ጥያቄ። ስምንተኛው «ለምን እንጀራ አትወድም?» የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣ ቀይ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ በእርሳስ ነው የማርመው።

አሁን ስለ አንድ መጥፎ ልማድ ልናገር፤ ከዚያ አበቃለሁ። ወጣት ሳለሁ ባስተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት ግቢው ውስጥ አማርኛ መናገር ክልክል ነበር። በክር የታሰረች ትንሽ እንጨት ነበረች። አማርኛ ሲናገር የተያዘ አንገቱ ላይ ያደርጋታል፤ ሌላ የሚናገር ሰው እስኪይዝ ድረስ አያወልቃትም። ማታ እንጨቷ ያደረችበት ልጅ ይቀጣል። እንጨቷን ሰብስቤ መሳቢያዬ ውስጥ የማሳድረው እኔ ነበርኩ። ልጆቹ የተማሩት እንግሊዝኛ እንዳይመስላችሁ። ጆሮ መጣል ተማሩ፤ ጓደኛን ማናደድና አማርኛ እስኪያመልጠው መጠበቅ ተማሩ። ዕረፍት ሰዓት ላይ ጸጥ ያለ ግቢ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ልጁ የሚችለውን ቋንቋ ከነጠቃችሁት በማይችለው አይናገርም፤ ዝም ነው የሚለው።

እርግጥ የዚህ ተቃራኒም ጥፋት አለ፤ እሱንም እኛ መምህራን እንሠራዋለን። ፓሴጁን መስመር በመስመር ወደ አማርኛ ተርጉመን እናነብላቸዋለን፤ ልጁ አማርኛውን ሰምቶ እንግሊዝኛውን ሳይነካ ይወጣል። አማርኛ ክፍል ውስጥ ይግባ። ግን እንደ ሐ እና ሠ፣ እንደ «አመማቸው»፣ እንደ አያ ጅቦ ነገሩን ሊያሳይ ይግባ፤ እንግሊዝኛውን ሊሸፍን አይግባ።

እናንተ ወላጆች ደግሞ አንድ ነገር ተዉልን፣ አንድ ነገር አድርጉልን። የምትተዉት፣ እንግዳ ሲመጣ «እስቲ በእንግሊዝኛ ተናገርለት» የሚለውን ነው። ልጁ ለእንግዳው የሚነግረው ጉዳይ የለውም፤ ሰውየውም አማርኛ ይችላል። የምታደርጉት፣ ማታ ቡና ስትጠጡ «ዛሬ በእንግሊዝኛ ያነበባችሁት ምን ይላል? ንገረኝ» ማለት ነው። በአማርኛ ይንገራችሁ። «እኔ እንግሊዝኛ አልችልም፣ በምን ላግዘው?» የምትሉ እናቶች፣ ከሁሉ የበለጠ የምታግዙት እናንተ ናችሁ። እናት እንግሊዝኛውን ካወቀች ልጁ ግማሹን ይዘልላል። ካላወቀች ግን ታሪኩ እስኪገባት መንገር አለበት፤ ለዚያ ደግሞ መጀመሪያ ለእሱ ሊገባው ይገባል። «ከዚያስ? ልጅቷ ለምን ሄደች?» ካላችሁት ተመልሶ መጽሐፉን ይከፍታል።

ደብዳቤውን ያመጡልኝ እናት ይህንኑ ባለፈው ሳምንት ሞክረውታል። ልጃቸው ማታ ማታ እየነገራቸው ነው። ትናንት ስልክ ደውለው «መምህር፣ የዚያች የታሪኩ ልጅ ነገር ምን ሆነ? የሚቀጥለውን ገጽ ገና አልተማርነውም ብሎኛል» አሉኝ።

ሰዓቴ አልቋል፤ ሰብሳቢው ሰዓታቸውን እያዩ ነው። አሁን ጥያቄ ነው። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጠይቁኝ፤ በእንግሊዝኛ የሚጠይቀኝን አላርምም። የመጀመሪያውን ዕድል ግን ከኋላ ላሉት ተማሪዎች ስጡልኝ። አንተ፣ በሩ አጠገብ ያለኸው፣ ቅድም ጀምሮ እጅህን አውጥተሃል። ጥያቄ ነው ወይስ ልትወጣ ነው?